አንዷ ጻፈች፣ አምስቱ ፈረሙ

የአንባቢያን ጥያቄና የጡረተኛዋ መምህርት መልስ

ይህን ዓምድ የምጽፈው ደሴ ላይ፣ በማለዳ፣ የጦሳ ጉም ገና ሳይገፈፍና የልጅ ልጆቼ ነቅተው ቤቱን ሳያተራምሱት ነው። በዚህ ወር የመጡትን ደብዳቤዎች ስለያይ አምስቱ ወደ አንድ ወገን ተሰበሰቡ። አንዲት ተማሪ፣ አንድ መምህር፣ አንዲት እናት፣ አንድ አባትና አንድ ርእሰ መምህር፣ ሳይተዋወቁና ሳይመካከሩ፣ ሰዎች አብረው ተቀምጠው ለምን አብረው እንደማይማሩ ጠየቁኝ። የቀራችሁ ጠያቂዎች እስከሚቀጥለው ወር ታገሱኝ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ብዙ ቦታ ትወስድብኛለች፤ የደረሰባት ነገር በእኔም ክፍል ውስጥ ደርሷልና።

*

«እትዬ መምህርት፣ እንደምን ሰነበቱ? ሐይቅ ከተማ የ10ኛ ክፍል ተማሪና የቡድን መሪ ነኝ። የባዮሎጂ መምህራችን ስለ ሐይቃችን የምግብ ሰንሰለት ከ10 የሚታረም የቡድን ሥራ ሰጡን። ሦስት ሌሊት አነበብኩ፣ ጻፍኩ፣ ሥዕሉንም ሣልኩ። አምስቱ ጓደኞቼ ወረቀቱ ሊሰበሰብ ሲል መጥተው ስማችንን ጻፊልን አሉኝ፤ ጻፍኩላቸው፣ ፈረሙም። ሁላችንም 9 አገኘን። ሁለቱ ‹ለምን 10 አልሆነም?› ብለው ተቆጡኝ። በሚቀጥለው ስማቸውን ብሰርዝ ክፉ እባላለሁ? ወይስ ብቻዬን እንድሠራ መምህሩን ልለምናቸው?» — መሪዋ፣ ከሐይቅ

አብሽሪ ልጄ። የተቆጡሽን ሁለቱን ለጊዜው ተዪአቸው። ከ10 የጎደለችውን አንዷን አጥብቆ የሚቆጥር ሁልጊዜ ያልለፋው ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ያልተጻፈበት የትምህርት ቤት ግድግዳ ብዙ አላየሁም። ስለ ቡድን ሳስብ እኔን የሚመጣልኝ ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ነው። ሰው ይህን ሲተርት ሃምሳውን ሰው ያያል፤ እኔ ሎሚውን እቆጥራለሁ። በእያንዳንዱ እጅ አንድ ሎሚ ከሌለ ጌጥ የሚባል ነገር የለም። በእናንተ ቡድን ሎሚው ሁሉ በአንቺ ነጠላ ተቋጥሯል፤ አምስቱ እጃቸውን እያወዛወዙ ከጎንሽ ይሄዳሉ፣ መንገደኛ ሲያያችሁ ደግሞ ስድስት ሆናችሁ የተሸከማችሁ ይመስለዋል።

ይህን የጓደኞችሽ ስንፍና ብቻ አድርገሽ አትቁጠሪው። ማክስ ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለክቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1913 አሳትሞ ነበር። ስምንት ሰዎች በአንድ ገመድ ሲጎትቱ እያንዳንዱ ያወጣ የነበረው ብቻውን ሲጎትት ከሚያወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉን ነው። የማን እጅ እንደ ላላ በገመድ ላይ አይታይማ! የእኛ ገበሬ ይህን ሳይለካ ያወቀው ይመስለኛል። በደቦ አጨዳ ጊዜ አጫጆች በመደዳ ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዱ ፊት ለፊቱ ያለውን እያጨደ ይገፋል፤ ወደ ኋላ የቀረው ለሁሉም ይታያል፣ ይቀለድበታልም። ደቦን ደቦ ያደረገው አብሮ መዋሉ ብቻ ሳይሆን የየሰዉ ድርሻ ከሩቅ መታየቱ ነው።

«አንድ ለአምስት» የሚባለው የቡድን አደረጃጀት በየትምህርት ቤቱ በተስፋፋበት ዘመን፣ በ2005 ዓ.ም. ገደማ፣ እኔም ተማሪዎቼን ስድስት ስድስት አድርጌ አስቀምጬ ነበር። በየሳምንቱ የሚሞላ ቅጽ ነበረው፤ ቡድኑ ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ይጽፍና ሁሉም ይፈርማል። አንድ አርብ የአንዱን ቡድን ወረቀት ሳነብ «ሁሉም አባላት በንቃት ተሳትፈዋል» ይላል፤ ስድስት ፊርማ አለው። ከስድስቱ አንዱ ግን አያቱ አርፈው ሳምንቱን ሙሉ ወረባቦ እንደ ነበር አውቃለሁ፤ ፈቃድ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ደግሞ የሌሎቹን ወረቀቶች አውጥቼ አየሁና ሳቁ ጠፋ። ከአራት ቡድኖች ወረቀት ላይ የመሪው እጅ ጽሑፍ እንጂ የሌላ ሰው አሻራ አልነበረም።

ጣሳዋ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። የቲማቲም ድልህ ጣሳ አጥቤ የየቡድኑን አባላት ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ከተትኩባት። ሰኞ ሰኞ አንድ ቡድን ይወጣል፤ አንድ ወረቀት አነሣለሁ፤ ስሙ የወጣለት ልጅ ሰሌዳው ጋ ቆሞ ሥራውን ያስረዳል፤ የሚያገኘው ነጥብ የስድስቱም ነው። በመጀመሪያው ሰኞ ስሙ የወጣው ልጅ ከኋላ ዴስክ ተቀምጦ ዓመት ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቀው ነበር። የትምህርቱ ርእስ መዘውር ነው። ጠመኔውን ያዘ፤ አንድ ክብ ሣለ፤ ገመዱን ከየት እንደሚጀምር አላወቀምና እጁ አየር ላይ ቆመ። ዞሮ የቡድኑን መሪ በዓይኑ ለመናት። ክፍሉ ዝም። ከ10 ሦስት ሰጠሁ። መሪዋ ልጅ በዕረፍት ሰዓት እያለቀሰች መጥታ «መምህር፣ ይህ ፍትሕ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ሻይ ጠጪ አልኳት።

በሳምንቱ ረቡዕ ከመምህራን ክፍል ወጥቼ በባሕር ዛፎቹ በኩል ሳልፍ ስድስቱን አየኋቸው። መሪዋ አፏን ይዛ ተቀምጣለች። ልጁ ቁጢጥ ብሎ አፈሩ ላይ በእንጨት መዘውር ይሥላል። «አይደለም፣ ገመዱ በላይ ነው የሚዞረው» ይለዋል አንዱ፤ «ታዲያ ክብደቱ የት ተንጠለጠለ?» ይላል እሱ መልሶ። በግድግዳው ጥግ ተደብቄ ሰማኋቸው፤ ለመምህር የማይገባ ሥራ ነው፣ ግን ሠራሁት። ጣሳዋ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የዚያን ልጅ ስም ዳግመኛ አላወጣችም፤ እሱ ግን ሰኞ በመጣ ቁጥር ተዘጋጅቶ ይጠብቃት ነበር።

የመሪዋ ልጅ እንባ ግን ከሕሊናዬ አልወጣም። በሁለተኛው መንፈቅ ነጥቡን ከሁለት ከፈልኩት፤ ግማሹ የቡድኑ፣ ግማሹ የየግሉ ሆነ። በሌላው ጥፋት ሙሉ በሙሉ መቀጣት ልጆችን አብሮ መሥራትን ሳይሆን ሰው መጥላትን ያስተምራቸዋል። ይህን ለማወቅ አንድ መንፈቅ ፈጅቶብኛል፤ ያን መንፈቅ የተጎዱትን ልጆች ዛሬም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንቺ መምህር ስላልሆንሽ ጣሳ ይዘሽ መቆም አትችዪም። ሥራውን መቆራረስ ግን ትችያለሽ። ኤሊየት አሮንሰን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1971 ቴክሳስ ውስጥ ኦስቲን በምትባል ከተማ ያደረገው ይህንኑ ነበር። በዘር ተለያይተው ይማሩ የነበሩ ልጆች በአንድ ክፍል ሲገናኙ ተኳረፉ፣ ተናናቁ። እሱ ትምህርቱን ቆራርሶ ለእያንዳንዱ ልጅ ሌላው የሌለውን አንድ ቁራጭ ሰጠ። የጎረቤትህን ቁራጭ ካልሰማህ ፈተናውን አታልፍም፤ ስለዚህ የናቅኸውን ልጅ ጆሮ ሰጥተህ ታዳምጣለህ።

የሐይቁ የምግብ ሰንሰለት ለዚህ የተሠራ ይመስላል። አንዱ ውኃው ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ዋቅላሚ ይያዝ፤ ሁለተኛዋ ያንን የሚበሉትን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን እንስሳት፤ ሦስተኛው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ፤ አራተኛዋ ዓሣ የሚለቅሙትን ወፎች። አምስተኛው ማልዶ ወደ ዳር ይውረድና ጀልባ የሚያስጠጉትን ዓሣ አስጋሪዎች ይጠይቅ፤ የቤት ሥራ የማይሠራ ልጅ እንኳ ዓሣ አስጋሪ ማነጋገር ይወዳል። አንቺ ማያያዣውን ጻፊ። ይህን ክፍፍል ሥራው ሲጀመር ለመምህርሽ አሳዪያቸው፤ ሲያልቅ የሚቀርብ አቤቱታ ክስ ይመስላል፣ ሲጀመር የሚታይ ግን ዕቅድ ነው። ቀኑ ደርሶ ያላመጣ ካለ ስሙን አትሰርዢ፤ ስሙን ጽፈሽ ከሥሩ ያለውን ቦታ ባዶ ተዪው። ክፉ የሚያሰኝ አንድም ነገር አላደረግሽም።

ብቻዬን ልሥራ ላልሽው፣ አይሆንም እልሻለሁ። ከዚህ በኋላ በምትውዪበት ሥራ ሁሉ እንዲህ ዓይነት አምስት ሰዎች አይጠፉም።

*

«የተከበሩ መምህርት፣ ባቲ ከተማ 9ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዕድሜዬ 26 ነው፣ የመጣሁት ከጎጃም ነው። በአንድ ክፍል 68 ተማሪዎች አሉኝ። ጥያቄ ስጠይቅ የሚወጣው ሦስት እጅ ነው፤ ሁልጊዜም ያው ሦስት። በቡድን ተወያዩ ስላቸው ደግሞ አብዛኞቹ በኦሮምኛ መነጋገር ይጀምራሉ፤ እኔ የምሰማው ጥቂት ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ማብራሪያዬ በአማርኛ። ኃላፊዎቼ ከልክላቸው ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?» — ጠመኔ ያዡ፣ ከባቲ

ዕድሜህን ስለ ነገርከኝ አንተ ልበልህ። አትከልክል።

በሚቀጥለው ሰኞ ወደ ገበያው ውረድ። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ፍየልና ግመል ሲሻሻጡ ለአንድ ሰዓት ቆመህ ስማ። ሻጭና ገዢ ዋጋ የሚቆርጡት በሚገናኙበት ቋንቋ ነው፤ ሻጩ ከወንድሙ ጋር ልሽጥ ወይስ ልተው እያለ ሲመክር ግን ወደ አፍ መፍቻው ይመለሳል። ምክሩን በሰው ቋንቋ አድርግ ቢሉት ይከስራል። የአንተም ተማሪዎች በቡድን ሲቀመጡ የሚያደርጉት ምክር ነው። በሚያስቡበት ቋንቋ ይምከሩ፤ ለክፍሉ ሲያቀርቡ ወደ አማርኛ ወይም ወደ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይዝለቁ። መጠንቀቅ ያለብህ አንድ ነገር ነው፤ ኦሮምኛ የማይሰማ ልጅ በቡድኑ ውስጥ ካለ ጎኑ የተቀመጠው እንዲያስተረጉምለት አድርግ። የሚያስተረጉመው ልጅ ከሁሉም በላይ ይማራል።

አንተም ተማር። «ኃይል» በኦሮምኛ ሁምና ነው። ነገ ክፍል ስትገባ ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጻፈውና በትክክል አንብቤዋለሁ ወይ ብለህ ጠይቃቸው። እርማት ለመስጠት ከሦስት በላይ እጅ ይወጣል፤ መምህርን ማረም የማይወድ ተማሪ ገና አልተወለደም።

ወደ ሦስቱ እጆች ልመለስ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ የክፍል ትምህርቶችን በቴፕ አስቀርጻ አዳመጠች። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ ወደ አንድ ሰከንድ ብቻ ሆኖ አገኘችው። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድ ሲረዝም የተማሪዎች መልስ ረዘመ፣ የሚመልሱት ልጆች በዙ፣ ዝም የሚሉት ቀነሱ። ሦስት ሰከንድ ስትሰማው አጭር ይመስልሃል፤ ሰሌዳ ፊት ቆመህ ስትጠብቅ ግን ምድር የቆመች ነው የሚመስልህ። እኔ በልቤ «በስመ አብ»ን እስከ «አሐዱ አምላክ» እዘልቅ ነበር፤ በአጠገቤ ክፍል ያስተምር የነበረው ባልደረባዬ ደግሞ «ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም»ን ረጋ ብሎ ይጨርስ ነበር። ሁለቱም ሦስት ሰከንድ ይሞላል።

(በዚህ አጋጣሚ ፕላዝማ ትዝ አለኝ። ትምህርቱ በሳተላይት ቴሌቪዥን ይሰጥ በነበረበት ዘመን መስታወቱ ውስጥ ያሉት መምህር ጥያቄ ይጠይቁና ጥቂት ቆይተው መልሱን ራሳቸው ይነግሩናል፤ «በጣም ጥሩ!» ብለውም ያመሰግኑናል። እኔና ተማሪዎቼ ምን እንደ ሠራን ሳናውቅ ተመሰገንን።)

ዝምታቸውን ደግሞ ድንቁርና ብለህ አትተርጉመው። ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ቃል እንዳያበዛ እየተመከረ አድጓል፤ አንተ በአንድ ደወል ተናገር ብትለው ምላሱ አይፈታም። መንገዱን አሳጥርለት። ጥያቄውን ጠይቅ፤ መጀመሪያ ብቻውን በደብተሩ ጥግ ይጻፍ፤ ቀጥሎ ለጎረቤቱ በሹክሹክታ ይንገር፤ በመጨረሻ እጅ ያላወጣውን አንዱን «ጎረቤትህ ምን አለህ?» በለው። የራሱን ሐሳብ ለመናገር የሚያፍር ልጅ የጎረቤቱን ለመንገር አያፍርም። ይህን በራሴ ክፍል ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

68 ልጅ በክብ ለማስቀመጥ አትሞክር፤ ዴስኩ ሲጎተት ብቻ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። በአንደኛው ረድፍ ዴስክ ያሉት ሦስቱ ፊታቸውን ወደ ሁለተኛው ያዙሩ፤ ስድስት ሆኑ ማለት ነው። እንደገና ወደ ፊት ለመዞር የሚፈጅባቸው ደግሞ የአንድ ሳል ያህል ነው።

*

«ውድ እኅቴ፣ ወልድያ ነው የምኖረው። ልጄ 12ኛ ክፍል ነው፣ ጎበዝ ነው። መምህሩ በየቀኑ ደካሞቹን እንዲያስጠና ያደርገዋል። ጊዜው አይባክንበትም? የዘንድሮ ፈተና ያስፈራኛል።» — እናት፣ ከወልድያ

ፍርሃትሽን እረዳዋለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች የነጥቡን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። ይህን የሰማች እናት የልጇን ሰዓት በደቂቃ ብትቆጥር አልፈርድባትም።

ነገር ግን ማስጠናት ለሚያስጠናውም ጥናት ነው። የቆሎ ተማሪውን አስቢ፤ ውዳሴ ማርያም የዘለቀው ልጅ ፊደል የሚቆጥረውን ያስቆጥራል። በየሐሪማው፣ በእስልምናው የትምህርት ቦታ፣ ያለውን ደረሳም (ተማሪም) አስቢ፤ ከፍ ያለው ለጀማሪው ያቀራል። ሁለቱም ቤት ይህን ያደረጉት የመምህር እጥረት ስላለባቸው ብቻ አይደለም። ሰው ያወቀ የሚመስለውን ነገር ለሌላ ሲያስረዳ የቱ ጋ እንደማያውቅ ይገለጥለታል፤ ጀማሪው «ለምን?» ይለዋል፣ እሱም ማታ ተመልሶ መጽሐፉን ይገልጣል።

«በየቀኑ» ያልሽው ግን አልተመቸኝም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ከአርባ ደቂቃ ያልበለጠ ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ ካለፈ ልጅሽ ያለ ደመወዝ የተቀጠረ መምህር ሆኗልና ሄደሽ በትሕትና ንገሪያቸው።

*

«አሰላሙ አለይኩም እኅቴ። ኮምቦልቻ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቡድን ጥናት ጓደኛዋ ቤት ትሄዳለች። አራት ሰዓት ትቆያለች። ጥናት ነው ወይስ ወሬ? ልከልክላት እያልኩ ነው።» — የልጅ አባት፣ ከኮምቦልቻ

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። እውነቱን ልንገርዎት፤ ግማሹ ወሬ ነው። እኛስ ቡና ስንጠጣ? በአቦሉ የጎረቤት ወሬ ይነሣል፣ በቶናው ሳቁ ይደምቃል፣ ቁም ነገሩ የሚመጣው በረካው ላይ ነው። አቦሉን የከለከለ በረካው ላይ አይደርስም።

ጥናት መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። ማታ ስትመለስ «ምን አጠናሽ?» አይበሏት፤ የምዕራፍ ስም ትነግርዎታለች፣ በዚያው ያልቃል። «ዛሬ ለማን ምን አስረዳሽ? አንቺንስ ማን ምን አስረዳሽ?» ይበሏት። ሁለቱንም ከመለሰች አራት ሰዓቱ አልባከነም። አንዱን ብቻ ደጋግማ የምትመልስ ከሆነ፣ ሁልጊዜ አስረጂ ወይም ሁልጊዜ ተረጂ ናት ማለት ነውና ቡድኑ ትንሽ መታረም አለበት።

በተረፈ አንድ ቅዳሜ ጥናቱ እርስዎ ቤት ይሁን። ቆሎና ሻይ ያቅርቡላቸው፣ በሩን ክፍት አድርገው ከሱቅዎ ብቅ ጥልቅ ይበሉ። ከሱቅዎ ሒሳብ አንድ ጥያቄም ይስጧቸው፤ አንድ ኩንታል ስኳር በዚህ ዋጋ ገዝቼ በኪሎ ስቸረችረው፣ ሚዛን ላይ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ምን ያህል አተርፋለሁ ብለው ይጠይቋቸው። ሲከራከሩ ያዳምጧቸው። አደራ፣ መልሱን ቀድመው እንዳይነግሯቸው። የከበደው ይህ ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ ከልጅ ልጆቼ ጋር አልተካንኩበትም።

*

«የተከበሩ መምህርት፣ መርሳ አካባቢ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነኝ። የወላጆች ስብሰባ ስንጠራ ከአምስት ወላጅ አንዱ እንኳ አይመጣም። የመጡትም አይናገሩም፤ አጨብጭበው ይሄዳሉ። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) በስም ብቻ ነው ያለው። ወላጁ ስለ ልጁ ትምህርት ግድ የለውም ማለት ነው?» — ርእሰ መምህሩ፣ ከመርሳ

ግድማ አለው። እነዚሁ ወላጆች ቅሬ (እድር) ላይ እንዴት እንደሚነጋገሩ አይተዋል? ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ተቀምጦ እንጨቱን ማን እንደሚያመጣ፣ ውኃውን ማን እንደሚቀዳ፣ ለሩቅ ዘመድ ማን እንደሚያረዳ ተከራክሮ ይወስናል። የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱ በዛ የሚል ደግሞ ተነሥቶ ይሟገታል። እዚያ ምላሱ የተባ ሰው እናንተ ጋ ሲመጣ ዝም ካለ ነገሩ ከምላሱ አይደለም። ቅሬው ይጠይቀዋል፤ ትምህርት ቤቱ ይነግረዋል።

እኔም በወላጅነት አንድ ትምህርት ቤት ተጠርቼ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ተቀምጫለሁ። ከፊት የፕላስቲክ አበባ የተቀመጠበት ጠረጴዛ፣ ከኋላው አራት ኃላፊዎች፤ እኛ እንደ ተማሪ በረድፍ። ሦስት ሪፖርት ተነበበ። በመጨረሻ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር የአጥር መዋጮ መጣ። በሪፖርቱ ውስጥ በ5ኛ ክፍል የቀሪ ተማሪዎች ቁጥር እንደ ጨመረና «ምክንያቱ በጥናት ላይ እንደ ሆነ» ተነገረን። አጠገቤ የተቀመጠችው እንጀራ ሻጭ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ምን ጥናት ያስፈልገዋል? በገበያ ቀን ፌስታል እየሸጡ ነው፤ ሰባቱን በስም አውቃቸዋለሁ» አለችኝ። ተነሥተሽ ተናገሪ አልኳት። ጠረጴዛውን አየችና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እኔም አልተነሣሁም፤ ያ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ጠረጴዛውን ያውጡት። ወላጆቹን በየልጆቻቸው ክፍል ይከፋፍሏቸውና ስድስት ስምንት ሆነው ይቀመጡ፤ የክፍሉ ኃላፊ መምህር ከመካከላቸው በእኩል ወንበር ይቀመጥ። ሪፖርት አያንብብ። አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጀመሪያ የሚያወራው ምንድን ነው?» ይህን ያልተማረች እናትም ትመልሰዋለች፤ እንዲያውም ከተማረው አባት አብልጣ። መጀመሪያ የምትናገረው እሷ ትሁን። ባለ ሥልጣን ወይም ባለ ሀብት ከቀደመ የቀረው ሁሉ «እንደ ተባለው ነው» ብሎ ይቀመጣል። የተባለውን የሚጽፈው ከወላጆቹ አንዱ ይሁን እንጂ መምህር አይጻፈው፤ መምህር ሲጽፍ ሳያስበው የሰውን ቃል ያርማል። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ከሁሉ በፊት «ባለፈው ይህን ብላችሁ ነበር፤ ይህን አደረግን፣ ይህን አልቻልንም» ይበሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው ቁጥር እንዲጨምር ቢያንስ አንድ መንፈቅ ይጠብቁ፤ በአንድ ስብሰባ አይሞላም።

የስብሰባውን ቀን በገበያ ቀን እንዳያደርጉት፤ ይህን ልነግርዎት ባልተገባኝ ነበር፣ ግን ሲደረግ አይቻለሁ። የጥሪው ወረቀት ላይም «መዋጮ» የሚለው ቃል ለጊዜው አይታይ። ወረቀቱን ከመበተንዎ በፊት አንድ ቅጂ ቢልኩልኝ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ በሳምንቱ እመልስልዎታለሁ።